የበረዶዋ ልጅ ምን ጠጣች?

ቀኑን አላስታውሰውም። ዝናቡን ግን አስታውሰዋለሁ። ቦንጋ በክረምት ሰማይዋን ስትለቀው ሰኞና ሐሙስ የሚባል ነገር የለም፤ ሁሉም አንድ ረጅም እርጥብ ቀን ነው።

ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ፣ ነጥቡ አልመጣ ብሎኝ፣ መናኸሪያው አጠገብ ባለች አንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራ ነበር። ኮፒ አነሳለሁ፣ የሰው ስልክ ሚሞሪ ላይ ፊልምና መዝሙር እጭናለሁ። ትዕግስት እባላለሁ። እናቴ ስሙን ያወጣችልኝ ገና ሳታውቀኝ ነው። አንድ ቦታ ከተቀመጥኩ እግሬን ይበላኛል፤ አፌ ደግሞ ከእግሬ ይብሳል። ልቤ ላይ የመጣ ነገር ጉሮሮዬ ላይ አያድርም። ፓስፖርቴን ለማውጣት ወረፋ ይዤ ነበር። ወዴት እንደምሄድ ብትጠይቁኝ ግን መልስ አልነበረኝም፤ መሄዴን እንጂ መድረሻውን አላሰብኩበትም።

የምጭነውን ሁሉ አያለሁ። አንድ ቀን አንድ ደንበኛ ካመጣው ፍላሽ ውስጥ ስለ አሜሪካ ነባር ሕዝቦች የተሠራ ዘጋቢ ፊልም አገኘሁ። ሱ ከሚባሉት ነገዶች ወገን የሆኑ ላኮታ የሚባሉ ሕዝቦች ናቸው። በብርድ ወራት አንድ ጅረት ዳር ሰፍረው ሳሉ ወታደር ከበባቸው። መሣሪያችሁን አስረክቡ ተባሉ። እያስረከቡ ሳለ አንድ ጥይት ጮኸ፤ ከዚያ ወዲያ ሴት የለ፣ ሽማግሌ የለ፣ ሕፃን የለ። በረዶው መጥቶ አለበሳቸው። ከቀናት በኋላ ሬሳ ሊያነሱ የሄዱ ሰዎች ከበረዶው ሥር የሕፃን ድምፅ ሰሙ። እናትየዋ ደርቃለች፤ ልጅቷ እናቷ ሥር ተሸጉጣ በሕይወት አለች። አንድ የጦር መኮንን ወስዶ አሳደጋት። አደገች፣ ግን እዚያም እዚህም ሳትሆን፣ የማን እንደሆነች ስትፈልግ ኖራ ሞተች።

ተናደድኩ። እኔ ስናደድ ወይ ሰው እሰድባለሁ ወይ እጽፋለሁ። ያን ጊዜ የሚሰደብ ሰው አጠገቤ ስላልነበረ ስልኬ ላይ ጻፍኩ። የሳይንስ ልብ ወለድ ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ የምትኖር የቦንጋ ልጅ የአያቷን የተጣለች ሰማያዊ ባጃጅ ጠግና ወደ ኋላ ዘመን የምትሄድ ታደርጋታለች። በበረዶው ላይ ከመኮንኑ ቀድማ ትደርሳለች። ሕፃኗን ታነሳለች፣ ከኮረብታው ማዶ ከሌላ ሰፈር ወዳለችው አያቷ ታደርሳታለች። ከዚያች አንዲት ነገር ታሪክ መንገዱን ይቀይራል። ልጅቷ በወገኖቿ መካከል አድጋ አፈ ጉባኤያቸው ትሆናለች፤ ባቡር ሐዲድ የሚዘረጋው እሷን አስፈቅዶ ነው፤ ጎሹ አያልቅም፤ መሬታቸው መሬታቸው ሆኖ ይቀራል። በጣም ኮርቼበት ነበር።

ታዲያ ያን ሰሞን የእህቴ የሰላም ልጅ ናቲ ሳንባ ምች ያዘውና ሆስፒታል አስተኙት። ገና ጥርስ ማውጣት የጀመረ ልጅ ነው። ሰላም አልጋው ላይ፣ የባሏ እናት እትዬ አበበች ወንበሩ ላይ፣ እኔ መቀመጥ ስለማልችል መስኮቱ ላይ ሆነን እናስታምማለን። እትዬ ገበያ ውስጥ ቅቤ ሲነግዱ የኖሩ፣ ንጽሕና ላይ ቀልድ የማያውቁ ሴት ናቸው። የሆስፒታሉን አልጋ ራሳቸው በኦሞ ካላጠቡት ናቲ አይተኛበትም ብለው ነርሷን ያስለቀሱ ናቸው።

ከእኛ ማዶ፣ በሩ ሥር ባለው አልጋ ላይ፣ አንዲት ጨቅላ ተኝታለች። አስታማሚዋ አያቷ ነው። አደሎ ይባላል። ከማንኪራ ወዲያ ካለው ጫካ ነው የመጣው። ልጁ፣ የጨቅላዋ እናት፣ ከወለደች በኋላ ደም አልቆም ብሏት ሞታለች። ሚስቱ ቀድማ ሞታለች። ጨቅላዋን ደረቱ ላይ በጋቢ አስሮ በእግሩ ነው ያመጣት።

አደሎ ማንጃ ነው። ይህን የካፋ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ለማያውቅ ልንገር። ማንጃ የሚባሉት ከጫካው ጋር የሚኖሩ፣ ለከተማው እንጨትና ከሰል፣ ማርና ቅመም የሚያመጡ ወገኖቻችን ናቸው። እንጨታቸውን እናነዳለን፣ ማራቸውን እንልሳለን፤ ቤታችን ግን አይገቡም፣ ከዕቃችን አይጠጡም። ድሮ ነው የቀረ ነው ይባላል። ስብሰባ ላይ ሁላችንም እኩል ነን እንላለን፤ ብርጭቆ ላይ ስንደርስ ግን እንለያያለን። ሽማግሌው አደሎን ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አንተ ይለው ነበር። እኔም ጭምር። ለአባቴ እኩያ «ጋሽ» ሳልል ቀርቼ የማላውቅ ልጅ፣ እሱን «አንተ፣ ያንን በር ዝጋው» ስለው አንደበቴ አልተደናቀፈም።

እሱም ማንም ሳያስቸግረው ሥርዓቱን ያውቃል። ጠረጴዛው ላይ የጋራ የውሃ ጆግና ኩባያ አለ። ሲጠማው የእንሰት ቅጠል ከኪሱ ያወጣል፣ እንደ ሾጣጣ አጥፎ ይዘረጋል፣ ከላይ እናፈስለታለን፣ ጠጥቶ ቅጠሉን ወደ ውጭ ይጥላል። ማንም እንዳይቸገር።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። ናቲ በሕመሙ ምክንያት ጡት መጥባት ቀንሶ ነበር፤ የሰላም ጡት ደግሞ ተወጥሮ ያማታል። በየሰዓቱ ጎድጓዳ ሳህን ላይ ታልበዋለች። እትዬ ሳህኑን ይዘው ይወጣሉ፣ የእናት ወተት ሰው የሚረግጠው ቦታ አይደፋም ብለው፣ ከግቢው ጥግ ሣሩ ላይ በክብር ያፈሱታል። ከማዶ ደግሞ አደሎ የዱቄት ወተት በማንኪያ ለጨቅላዋ ይሰጣል። ጨቅላዋ መልሳ ትተፋዋለች። እሱ ይጠርጋል፣ ደግሞ ይሰጣል፣ ደግሞ ትተፋለች።

ይህን ሁሉ ዓይናችን ያያል። እንዴት አላያችሁም እንዳትሉኝ፤ አይተናል። ሁለቱን ነገር ግን ማንም አላገናኛቸውም።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ፣ ዝናቡም ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ሰላም ቀልቧ አላርፍ ሲላት «ቲጂ፣ እስኪ ያችን የባጃጇን ታሪክ አንብቢልን» አለችኝ። ስልኬ ሃያ ምናምን ፐርሰንት ቀርታዋለች። አነበብኩ። እትዬ ባጃጅ በበረዶ ላይ አትሄድም፣ በጭቃ ላይ መሄድ አቅቷት አይደል እንዴ የምንገፋት እያሉ ያቋርጡኛል። ሳቅን። አደሎ በሩ ሥር ቆሞ ጨቅላዋን እያወዛወዘ ያዳምጣል። እናትየዋ ደርቃ ልጅቷ የተገኘችበት ጋ ስደርስ ማወዛወዙን አቆመ።

ጨረስኩ። አያቷ ሕፃኗን ተቀብላ ድንኳኗ ውስጥ ገባች፣ ታሪክም ተቀየረ፣ ብዬ ስልኬን ዘጋሁ። ሰላም አጨበጨበች።

አደሎ ጉሮሮውን ጠረገ። አማርኛው ሁለተኛ ቋንቋው ነው፤ ቃላቱን አንድ በአንድ ነው የሚያስቀምጣቸው።

«አንድ ነገር ልጠይቅ?»

«ጠይቅ» አልኩት።

«አያቷ አሮጊት ናት። ጡቷ ደርቋል። ልጅቷ ምን ጠጣች?»

አሰብኩ። ጊዜ የሚያሻግር ሞተር፣ በረዶ የሚያቀልጥ መብራት፣ ቋንቋ የሚተረጉም ጆሮ ማዳመጫ ሁሉ ፈጥሬያለሁ። ወተት አላሰብኩም። አፌ ግን ዝም ማለት ስለማያውቅ፣ የወደፊቱ ዘመን ሰዎች ክኒን አላቸው፣ አንዷ ለወር ታጠግባለች አልኩት።

«ክኒን» አለ ራሱን እየነቀነቀ። አልሳቀብኝም። «ጥሩ ነው። ለትልቅ ሰው ጥሩ ነው።» ከዚያ ወደ አልጋው ተመለሰ፤ ማንኪያውን አነሳ።

ዓይኑ ግን፣ እምላለሁ፣ ወደ ሳህኑ አልሄደም። የሰላም ሳህን ከእጁ ብዙም የማይርቅ ጠረጴዛ ላይ፣ ግማሽ ድረስ ሞልቶ ተቀምጧል። አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብሎ አላየውም። የማያየው ስላላየው አይደለም። ስንት ቀን ሲያየው ስለቆየ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሲስተር መጥታ ጨቅላዋን መዘነቻት። ሚዛኑ ላይ ያለው ነገር ከልጅ ይልቅ የተጠቀለለ ነጠላ ይመስላል። ሲስተር ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የነገረችው፤ ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ ግን ሁላችንም ሰማን። ክብደቷ ወርዷል። እስከ ማታ ወተት ካልወሰደች ወደ ጅማ መላክ አለባት። ሲስተር ጨቅላዋን መልሳ እየጠቀለለች፣ በዚህ አቅሟ ግን መንገዱን የምትችለው አይመስለኝም አለች።

አደሎ «እሺ» አለ። ጨቅላዋን ተቀብሎ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። የምትሞትበት ቦታ መምረጥ ካለበት ከጫካው ሌላ የት ይወስዳታል? ጋቢውን ማጠፍ ሲጀምር ገባኝ። ሊወስዳት ነው።

ወደ ሰላም ዞርኩ። ሰላም ጡቷን ልታልብ ሳህኑን ጭኗ ላይ አስቀምጣለች። እጇ ቆሟል። እያየችኝ አይደለም፤ ሳህኑን ነው የምታየው።

እኔ ልናገር አፌን ስከፍት ቀደመችኝ። እህቴ ዝምተኛ ናት፤ የእሷን ድርሻ ሁሉ እኔ ስለምናገርላት ይሆናል።

«ጋሽ አደሎ» አለች።

ሰውየው ማንን እንደጠራች ለማየት ወደ ኋላው ዞረ።

«ጋሽ አደሎ፣ ልጅቷን ያምጡልኝ።»

እሱ አልተንቀሳቀሰም። «እመቤቴ፣ እኛ እኮ…» ብሎ ጀመረና ተወው።

«አውቃለሁ» አለችው።

ሲስተር ገባት። ቶሎ ብላ መካከል ገባች። የሰላምን የክትትል ካርድ ጠየቀች፣ ምርመራዋን አየች፣ እጇን አስታጠበቻት። ከዚያ ነገሩን ለሁሉም ልታቀልል ፈልጋ፣ አልበሽው በማንኪያ ይሰጣት፣ ይበቃል አለች። ሰላም ግን ማንኪያውን ስትተፋው ስንት ቀን አይተናል አለች። እውነቷን ነው።

እትዬ አበበች ከወንበራቸው ተነሱ። አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር።

«ሰላም። ከአንድ ጡት የጠቡ ወንድምና እህት ናቸው። የናቲ እህት ልትሆን ነው። ይህ ነገ በውሃ አይለቅም።»

«አይልቀቅ» አለች እህቴ።

እትዬ ባዶውን ሳህን አንስተው፣ ለምን እንደያዙት ሳያውቁ ይመስለኛል፣ ወጡ።

ተከተልኳቸው። ልሰድባቸው ነበር። ቃላቱን እየደረደርኩ ነው የወጣሁት፤ ሣር የሚጠጣውን ወተት ለሰው ይነፍጋሉ ወይ፣ ብዬ ልጀምር ነው። በረንዳው ላይ ቆመው ያንን የሣር ጥግ ያያሉ። ዝናቡ ሁሉንም አጥቦታል። ከአፌ ቃል ከመውጣቱ በፊት፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ መናገር ጀመሩ።

ልጅ ሳሉ ከብት ፍለጋ ጫካ ገብተው ጠፉ። አንዲት የማንጃ ሴት አገኘቻቸው። እያለቀሱ ስለነበር ከቀፎ የወጣ ማር በእጇ ቆርሳ አጎረሰቻቸውና እስከ መንገዱ ሸኘቻቸው። ቤት ደርሰው ይህንኑ ሲናገሩ እናታቸው አፋቸውን በአመድ አሹት፤ ከምላስ እስከ ጉሮሮ።

«ማሩን ረስቼዋለሁ» አሉ። «እንዴት እንደጣፈጠ አላስታውስም። አመዱ ግን እስከ ዛሬ አፌ ውስጥ አለ።»

የደረደርኳቸው ቃላት የት እንደገቡ እንጃ።

ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ውስጥ ገቡ፤ እኔም ከኋላቸው።

ሰላም ጨቅላዋን ታቅፋለች። ጨቅላዋ ጡቱን አፏ ውስጥ ይዛ ዝም ብላለች፤ አትጠባም። አደሎ ሴት ስታጠባ አላይም ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቆሟል፤ ትከሻው ግን ጆሮ ሆኗል። ናቲ በቅናት ይነጫነጫል፣ የእናቱን ክንድ ይስባል። ሰላም ሁለቱንም መያዝ አቅቷት ላብ ወርዷታል።

እትዬ ሳህኑን አስቀምጠው እጃቸውን ዘረጉ። «እሱን ለኔ ስጪኝ» አሉ። ናቲን ትከሻቸው ላይ አደረጉት። ቀጥለው ጎንበስ ብለው ጨቅላዋን አዩዋት። «እንዲህ አይደለም። ራሷ ተንጋዷል፣ እንዴት ትዋጥ? ቀና አድርጊያት።» በጣታቸው የጨቅላዋን አገጭ ነካ አደረጉ፤ ቅቤ የሚለኩበት ጣት ነው። አንዴ፣ ሁለቴ።

ጨቅላዋ ዋጠች።

ትንሽ ድምፅ ነች፤ «ቅ» የምትል። ዝናቡ መካከል ሁላችንም ሰማናት። ደግሞ ዋጠች። ደግሞ። አደሎ ግንባሩን ግድግዳው ላይ አስደገፈ።

ስትጠግብ ዞር አለና፣ አያቶቹ ለእኛ አያቶች ከመንገድ ወርደው ይሉት የነበረውን ሰላምታ፣ ጎንበስ ብሎ አለ። «ልሙትላችሁ።» የካፋ ሰው ያውቀዋል። ስንት ዘመን የሰማነው፣ ሰምተንም ያለፍነው ሰላምታ ነው።

«አይሙቱ፣ ጋሽ አደሎ» አልኩት። አፌ ተመልሶልኝ ነበር። «ማን ሊያሳድጋት ነው?»

መጀመሪያ እሱ ሳቀ፣ ከዚያ እትዬ፣ ሳይወዱ።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ አደሎ ወደ መስኮቴ መጣ። የትናንቱን ታሪክ እንዳስተካክለው ጠየቀኝ። ስልኬ ቻርጅ የለውም፤ ከጭንቅላቴ ነገርኩት። ባጃጇ ወደ በረዶው ከመሄዷ በፊት ማዶ ሰፈር ትቆማለች። ሹፌሯ ከድንኳን ድንኳን እየዞረች የምታጠባ ሴት ትፈልጋለች። አንዷ ልጇን ለአማቷ ሰጥታ ትነሳለች። ባጃጅ የኋላ ወንበር አላት አይደል? እዚያ ላይ ትቀመጣለች። በረዶው ጋ ሲደርሱ ሕፃኗን የምታነሳት ባለ ማሽኗ አይደለችም፤ ሴትየዋ ናት።

«አሁን ትኖራለች» አለ። ጥቂት አሰበና ደግሞ «ያ መኮንን ግን» አለ። «እሱም አሳድጓታል። አብልቷታል። ግን ወሰዳት።»

ገባኝ። ሰላምም ሰማች። ሲስተር ጨቅላዋ ጡት ካገኘች ነገ ከነገ ወዲያ ትወጣለች ብላለች፤ የሚያጠባት ሰው ደግሞ ያለው ቦንጋ ነው፣ እኛ ቤት። ሽማግሌው የሚፈራው ያንን ነው።

«አንወስዳትም» አለች ሰላም። «እርስዎም አብረው ይመጣሉ። እስክትጠነክር እኛ ጋ ነው የምትሆኑት፣ ሁለታችሁም።»

አደሎ ወደ እትዬ ነው ያየው። ቤቱ የእሳቸው ነው። እትዬ ናቲን እያስገሱ መስኮቱን እያዩ ነበር። አዎም አላሉ፣ አይሆንም አላሉም።

እስኪ ቆም ልበልና እናንተን ላናግር። ይህን ስታነቡ አንዳንዶቻችሁ፣ ሩቅ አገር የሞተ ሕዝብ ታሪክ ከእኛ ጋር ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል። እኔም ለሩቁ ነበር የተናደድኩት፤ ሩቅ ላለ ሰው መናደድ ይቀላል፣ ወተት አይጠይቅም። ያለፈውን ልለውጥ ባጃጅ ስሠራ፣ ያልተለወጠው ነገር በሩ ሥር ቆሞ ያዳምጠኝ ነበር። አንድ ጡት ዓለምን ቀየረ አልላችሁም። ሰፈራችን ውስጥ የማንጃ ልጅ አጠባችሁ ብሎ እስከ ዛሬ እኛ ቤት ውሃ የማይጠጣ ጎረቤት አለ። እኔም ቅዱስ አልሆንኩም፤ አሁንም አፌ ነው የሚቀድመኝ። ፓስፖርቴ ወጥቶልኛል፤ አንድ ቀን እሄዳለሁ። መድረሻዬን ግን አሁን እጠይቃለሁ። መጻፉንም አልተውኩም፤ ከማሽኑ በፊት ግን ልጅቷ ምን ትጠጣለች ብዬ እጀምራለሁ። እናንተም የምትናደዱለትን ሩቅ ሰው አስቡና፣ በራችሁ ሥር የቆመውን ዞር ብላችሁ እዩት።

ከሆስፒታል የወጣን ዕለት ሰላምና ልጆቹ በባጃጅ ቀድመው ሄዱ። ጋሽ አደሎ በእግሬ እመጣለሁ ብሎ ቀረ። ቤት ከደረስን በኋላ ስንጠብቀው ቆየን። ወጥቼ ባየው አጥሩ ውጭ ነው፤ ዝናቡ ይወርድበታል፣ ጋቢው ጠብ ጠብ ይላል። መጥቷል፣ ግን በሩን አልነካውም። ይግቡ ልለው አፌን ስከፍት እትዬ ከኋላዬ መጡ።

«ምን ያቆምዎታል በዝናብ?» አሉት። እርስዎ ሲሉት የሰማሁት ያኔ ነው። «ይግቡ እንጂ። ልጅዎ ታለቅሳለች።»

ገባ። ደፉ ላይ እግሩን ደጋግሞ ጠረገ፣ ከበሩ አጠገብ ያለችው ዱካ ላይ ጫፏን ብቻ ይዞ ተቀመጠ። እትዬ ውሃ ሊቀዱ ሲነሱ፣ እጁ በልማዱ ወደ ኪሱ ገባ፣ ቅጠሉን አወጣ፣ አጠፈ፣ ዘረጋላቸው።

እትዬ ቅጠሉን ተቀበሉት። ገልበጥ አድርገው አዩት። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡትና፣ ለእንግዳ ብቻ ከሚያወጡት ብርጭቆ አንዱን ሞልተው እጁ ላይ አኖሩለት።

«ቅጠሉ ያፈሳል» አሉት።